ልጅነቷን የሚያውቅ ሰው

ሀውላ መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ መነጽር ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሌንስ ስትቆርጥ ኖራለች። ደንበኞች አያዩዋትም፤ እሷም አታያቸውም። ፊት ለፊት ያሉት ሠራተኞች የዓይን ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት በትንሿ መስኮት ያቀብሏታል፤ እሷ ሌንሱን በፍሬሙ ልክ ትሞርዳለች፣ ትገጥማለች፣ በዚያችው መስኮት ትመልሳለች። ሌሎቹ የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ይበሳል ይላሉ። እሷን ግን አይረብሻትም፤ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም ታውቀዋለች። የሚረብሻት ሰው ነው። ሰው መቼ እንደሚጀምር አይታወቅም።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ አያንቱ የምትባል ሴት የሰባት ዓመት ልጇን ምሥጋናን ይዛ መጣች። ልጅቷ መነጽር ታዞላታል፣ ግን ፍሬሙ ፊቷን በነካ ቁጥር ትጮሃለች። ሦስት ዓይነት ሞከሩላት፤ በሦስቱም ጮኸች። ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ ልጅቷ ቅምጥል ናት ብሎ ሲናገር እናትየዋ ሰማች።

ሀውላ ጩኸቱን ከጓሮ ሰማችው። ማሽኑን አጥፍታ ወጣች። ይህን አድርጋ አታውቅም ነበርና ሠራተኞቹ ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ማንንም ሳታናግር ፍሬሙን ከጠረጴዛው አነሳች፣ እጀታው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ላጠች፣ ከጆሮ ጀርባ የሚያርፈውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰችና ወደ ጓሮ ወስዳ ሞረደችው። በእጇ መዳፍ ውስጥ ይዛ እስኪሞቅ ቆየች። ከዚያ ልጅቷ አጠገብ አስቀምጣው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሥር ደቂቃ ያህል አለፈ። ምሥጋና መነጽሩን ራሷ አንስታ አደረገችው።

አያንቱ ተከትላት ጓሮ ገባች፤ እንዴት እንዳወቀች ጠየቀቻት።

«እኔም አልችልም» አለች ሀውላ።

ምኑን እንደማትችል ስትጠይቃት እየቆየች ነገረቻት። ልብስ አንገት ላይ የሚሰፋውን ቁራጭ ጨርቅ ሳትቀድ አዲስ ልብስ ለብሳ አታውቅም። ሁለት ሰው አንድ ላይ ካወራ የአንዱንም አትሰማም። ሰው ሰላም ሲላት ጉንጩን ከየት በኩል እንደሚጀምር ስለማታውቅ ሁልጊዜ ትጋጫለች። ስለ ራሷ ይህን ያህል ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አያንቱም በተራዋ ምሥጋና ኦቲዝም እንዳለባት በአራት ዓመቷ እንደተነገራቸው አወራቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንቺስ ታይተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«ዓይኔ ደህና ነው» አለች ሀውላ።

ጥያቄው ስለ ዓይን እንዳልነበር የገባት ማታ ወደ ቤት ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ነው።

የምትኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ትወጣለች፤ ከሹፌሩ ጀርባ መስኮት ጥግ መቀመጥ የምትችለው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት መንገዱን ሁሉ ስልኳ ላይ ስለ ኦቲዝም ስታነብ ትሄድና ትመለስ ነበር። የምታነበው ስለማታውቃቸው ሰዎች ነው፤ ግን የራሷን ቤት በር ከፍቶ የሚያይ ሰው የጻፈው ይመስላት ጀመር።

ከሁሉ የቀድሞ ባሏ ነገር ይመላለስባት ነበር። አብደላ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ደግ ሰው። ዘጠኝ ወር አብረው ኖሩ። ሲለያዩ አልተቆጣም፣ እንዲያውም ያፈረ ይመስል ነበር። «ቤት ስገባ መግባቴን የምታውቂ አይመስለኝም» አላት። ሀውላ ታውቅ ነበር። ደረጃውን ሲጀምር፣ ገና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳለ፣ የእግሩን ድምፅ ትለየው ነበር። የማታውቀው፣ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ አንድ ነገር ማለት እንደሚጠበቅ ነው። ይህን ያስተማራት አልነበረም፤ ሌላው ሰው ሁሉ ሳይማረው እንደሚያውቀውም አታውቅም ነበር።

ለመመርመር ሦስት ቦታ ደወለች። ሦስቱም ቦታ መጀመሪያ የሚጠይቋት የልጁን ዕድሜ ነው። ሠላሳ ሰባት ስትል አንዷ ሳቀች፤ ሁለተኛው ሕፃናት ብቻ እንደሚያዩ ነገራት፤ ሦስተኛዋ ቆይ ብላ ሄዳ ሳትመለስ ቀረች። በመጨረሻ አያንቱ የአእምሮ ሐኪም የሆነውን የዶክተር ወርቅአየሁን ስልክ ሰጠቻት።

ዶክተሩ ሃምሳውን ያለፈ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሀውላ ፊት ለፊት ስትጠየቅ ቃል እንደሚጠፋባት ስለምታውቅ ሁሉንም በደብተር ጽፋ ሄዳ ነበር፤ አሥራ አራት ገጽ። እሱም እሷን ተቀመጪ ብሎ አሥራ አራቱንም ገጽ አነበበ። ሲጨርስ የጻፈችው ብዙ ነገር እንደሚናገር ነገራት። «ግን ይሄ ነገር የሚጀምረው ከልጅነት ነው» አላት። «አንቺ የማታስታውሺውን ዕድሜሽን የሚያውቅ ሰው መስማት አለብኝ። እናትሽ በሕይወት አሉ?»

እናቷ ወይዘሮ ዘይቱና ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ፣ ሀውላ በተወለደችበት ቤት ነው ያሉት። ከቤቱ ፊት ባለችው ትንሽ ሱቅ ሻርፕና የሕፃናት ልብስ ይሸጣሉ። አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ታናሽ እህቷ ኢልሃም ከእናቷ ጋር ናት፤ ያን ሰሞን የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ ቀን እየተነጋገሩ ነበር።

ሀውላ ነገሩን ስትነግራቸው እናትየው የሚያጥፉትን ሻርፕ ይዘው ቆሙ። መጀመሪያ የጠየቁት ሐኪም ቤት ስትገባ ማን እንዳያት ነው። ማንም ስትላቸው ሻርፑን አጥፈው ጨረሱ፣ ሌላ አነሱ፣ እሱንም አጠፉ። ከዚያ እሺ፣ እመጣለሁ አሉ። ሀውላ ያን ዕለት ደስ ብሏት ተመለሰች። እሺ ማለት ለእሷ እሺ ማለት ነው።

በቀጠሮው ቀን ወይዘሮ ዘይቱና ለኢድ የሚለብሱትን ለብሰው መጡ። ዶክተሩ ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበላቸው፣ ስለ ጤናቸው ጠየቃቸው፣ ከዚያ ስለ ልጃቸው ጀመረ። አፏን መቼ ፈታች? በጊዜዋ። ከልጆች ጋር ትጫወት ነበር? ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጋር። ድምፅ፣ ምግብ፣ ልብስ የሚያስቸግራት ነበር? ምንም። ሰው ሲያቅፋት? ደስ ይላት ነበር። ለያንዳንዱ ጥያቄ ሳያስቡ መለሱ፤ ትምህርት ቤት እንደሚፈተን ሰው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው።

ሀውላ የምትሰማው ስለ ሌላ ልጅ ነበር። «እማ» አለች፣ «እስከ አራት ዓመቴ አልናገር እንደነበር አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

«ተሳስተሽ ሰምተሽ ነው።»

ዶክተሩ ከዚያ በላይ አልገፋቸውም። አመስግኖ ሸኛቸውና ሀውላን ለብቻዋ አስቀራት። እናትሽ ዋሹ አላላትም። በዚህ ብቻ ውጤቱን መጻፍ እንደማይችል፣ ሌላ የሚያውቃት ሰው ካለ ግን እንደሚጠብቅ ነገራት። የመጀመሪያ አስተማሪዋ ሞተዋል። አክስቶቿ የኖሩት ሌላ ከተማ ነው። ማንም የለም አለችው።

ውጪ ታክሲ ሲጠብቁ እናቷ መንገዱን እያዩ ተናገሩ። «እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ከሰፈረ የኢልሃም ነገር ያበቃለታል። በዘር አለባቸው ይባላል። አንቺ እንደሆንሽ ሠርተሽ ታድሪያለሽ፣ ቤትሽ የራስሽ ነው። ምን ጎደለሽ?»

ለሀውላ መልሱ የመጣላት ከሦስት ቀን በኋላ ሌንስ እየሞረደች ሳለ ነው፤ ያኔ ደግሞ የምትነግረው ሰው አጠገቧ አልነበረም።

ያን ሳምንት ማሽኑ ፊት ተቀምጣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ስታስብ አንድ ጀርባ ትዝ አላት። ፊት አይደለም፤ ጀርባ፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከመ፣ ዳገት የሚወርድ። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ናቸው። ያኔ ከእነ ሀውላ ቤት ጓሮ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በየቀኑ እንጦጦ ወጥተው እንጨት ለቅመው ያወርዳሉ፤ ሀውላ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ በየጠዋቱ ትከተላቸው ነበር። ሀያ ምናምን ዓመት አላየቻቸውም። ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ላይ፣ እንጦጦ ካለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መግባታቸውን እናቷ አንድ ጊዜ ሲያወሩ ሰምታለች።

እሑድ ዕለት ከፈረንሳይ ተነስታ በእግሯ ወጣች። ሰውን የምትጠይቀውን ወረቀት ላይ ጽፋ መንገድ ላይ ደጋግማ አጥንታዋለች። መንገዱ እየጠበበ፣ አፈሩ እየቀላ ሄደ። ቅጠልና እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አጎንብሰው ሲወርዱ ወደ ጠርዝ ወጥታ ታሳልፋቸዋለች። ሁለቱን ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ድምፅ አልወጣላትም። ሦስተኛዋ ራሷ ቆማ ምን ፈልገሽ ነው አለቻት፤ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተከትላ ወደ ግራ እንድትታጠፍም ነገረቻት።

አሮጊቷ አጥሩ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባቸው ከሸክም ብዛት ጎብጦ ቀርቷል፤ ተቀምጠውም ያጎነበሱ ይመስላሉ። ሀውላ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ቆመች። ያጠናችው መንገድ ለመጠየቅ ብቻ ነበር፤ ከደረሱ በኋላ የሚባለውን አላጠናችም። ቆማ ቀረች። ቆየች።

«የዘይቱና ልጅ» አሉ አሮጊቷ።

«በምን አወቁኝ?»

«ሌላ ሰው እንዲህ አይቆምም። ነይ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ለምን እንደመጣች ስትነግራቸው ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ እትዬ ወለተጊዮርጊስ አላቋረጧትም። ስትጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያልተማረ ሰው የሚናገረውን ሐኪሙ ይቀበላል ወይ? ይቀበላል አለቻቸው። እንግዲያው ውሰጂኝ አሉ።

ማክሰኞ ዕለት በኮንትራት ታክሲ ወስዳቸው ዶክተሩ ጋ ገቡ። አሮጊቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዶክተሩ ጥያቄ ሳያበዛ ስለዚያች ልጅ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይንገሩኝ አላቸው።

ልጅቷ አትናገርም ነበር አሉ። ጆሮዋ ግን ከሰው ሁሉ ይበልጣል። ሰፈሩ ዱዳ ናት ይላል፤ አንዳንዱም የባሰ ይላል። እናቷ ሸህ ዘንድ እየወሰደች ቁርአን ታስቀራባት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ እንጦጦ ሲወጡ ዞር ቢሉ ልጅቷ ከኋላቸው ናት። ሊመልሷት ቢሞክሩ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። ላይ ሲደርሱ ቅጠል ለቅማ ከትልቅ እስከ ትንሽ መሬት ላይ ትደረድራለች፤ አይነካኳትም፣ አትነካካቸውም። «እኔም ብዙ ወሬ አልወድም» አሉ። «ተስማማን።»

«የሚያስቸግራት ነገር አልነበረም?» አለ ዶክተሩ።

«መንገድ ነዋ። አንድ ቀን ዘንቦ ጭቃ ስለነበር በሌላ በኩል ወረድኩ። መሀል ስንደርስ መሬት ላይ ተኝታ ጮኸች። አባበልኳት፣ ተቆጣኋት፣ ምንም። በኋላ ገባኝ። ወደ ላይ ተመለስን፤ ከመጀመሪያው ጀምረን በድሮው መንገድ ወረድን።»

«ሸክምዎን እንደያዙ?»

«የት ልጥለው? ልጅቷም አትነሳ።»

ዶክተሩ መጻፉን አቆመ። ሀውላ ይህን አታስታውስም። ሙሉ ሸክም ይዞ ያን ዳገት መልሶ መውጣት ምን እንደሆነ ግን ባለፈው እሑድ ባዶ እጇን ስትወጣ አይታዋለች። ቀና ብላ አሮጊቷን ማየት ፈለገች፣ አልቻለችም፤ የወንበሩን እግር እያየች ሰማች።

መጀመሪያ የተናገረችውንም ያውቁታል። አንድ ጠዋት የዘወትር ነጠላቸው ታጥቦ ስላልደረቀ ሌላ ለብሰው ወጡ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸውና «ይሄ አይደለም» አለች፤ ጥርት አድርጋ። አራት ዓመት ሊሞላት ነበር። እትዬ ወለተጊዮርጊስ ሮጠው ለእናቷ ነገሩ። ዘይቱና ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ እጃቸውን ይዛ፣ እስከዚያ ቀን አለመናገሯን ከእንግዲህ ለማንም እንዳያነሱ ለመነቻቸው። «ለማንም አልተናገርኩም» አሉ ወደ ዶክተሩ። «ዛሬ ነው። ዘይቱና ክፉ ሰው አይደለችም። በየቀኑ ስንወርድ አስፋልቱ የሚያልቅበት ድረስ መጥታ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ደረስን ስንል ቀድማን ትመለሳለች፣ እንዳላየችን ሆና።»

ዶክተር ወርቅአየሁ ውጤቱን የነገራት በሳምንቱ ነው። ኦቲዝም ነው አላት። የሚያስፈራ አስመስሎ አልነገራትም፤ አቅልሎም አልነገራትም። አብሯት የተወለደ መሆኑን፣ የሚድን በሽታ እንዳልሆነ፣ ጥፋቷም እንዳልሆነ ከነገራት በኋላ ሁለት ገጽ ወረቀት ፈርሞ ሰጣት።

«አሁንስ ምን ላድርግ?» አለችው።

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ልጅ ብትሆኚ የምልክሽ ሁለት ሦስት ቦታ ነበረኝ። ለትልቅ ሰው የተዘጋጀ የማውቀው የለም። ይህን ስነግርሽ አፍራለሁ።»

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የካ አባዶ ደርሳ ቤቷ ስትገባ ገና አልመሸም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰው እንዲህ ያለ ቀን ለአንድ ሰው እንደሚደውል ታውቃለች። ስልኳ ውስጥ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አየች፤ ቶሎ አለቁ። ለእናቷ ደወለች።

«ጨረስሽ?» አሉ እናትየው።

«ጨረስኩ።»

«ማን መሰከረልሽ?»

«እትዬ ወለተጊዮርጊስ።»

ከወዲያ በኩል ለረጅም ጊዜ የሱቁ ሬዲዮ ብቻ ይሰማ ነበር። ሀውላ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። አልተቋረጠም።

«የነጠላውን ነገረችው?» አሉ ወይዘሮ ዘይቱና።

«ነገሩት።»

«እሷ መቼም አትረሳም» አሉ። ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ሀውላ መለየት አልቻለችም። ቀጥለው ኢልሃም እንዳትሰማ አሏትና ዘጉት።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቀን ተቆረጠ፣ ኢልሃም ታጨች። ሀውላ በዚያ ቀን ጓዳ ሆና ሳህን ስታጥብ ዋለች። እናቷ ስለ ወረቀቱ አንስተው አያውቁም፤ እሷም አላነሳችም። የመነጽር ቤቱ ባለቤት አቶ ቀነኒሳ ብቻ፣ በስብሰባ ፋንታ መመሪያውን በጽሑፍ እንዲሰጣት ወረቀቱን አሳይታ ስትጠይቀው፣ አንብቦ መለሰላትና ድሮም የቃል ነገር አትወጂም ብሎ ተስማማ።

አያንቱ የካ ውስጥ አንድ አዳራሽ በወር አንድ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ወላጆች እንዳሉ ነገረቻትና ይዛት ሄደች። ወንበሮቹ ክብ ተሠርተው ተደርድረዋል። ልጆቹ በሌላ ክፍል ናቸው። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት የሀውላ ልጅ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ልጅ የለኝም» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ለጎረቤቷ አንሾካሾከች፤ ወሬው ክቡን ዞሮ መጣ። ከዚያ አንዷ እናት ተነስታ፣ ልጄ ስዘፍንለት ጆሮውን የሚይዘው ለምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት። ሀውላ አስባ መለሰች፤ መዝፈንሽን ጠልቶ ላይሆን ይችላል፣ ድንገት ስለምትጀምሪ ይሆናል፣ እስኪ አስቀድመሽ ንገሪው። ሌላዋም ጠየቀች፣ ሌላውም። ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ አዳምጧት አያውቅም። አንድ በአንድ ስለሚናገሩ ሁሉንም ሰማች።

መጨረሻ ላይ ጠሀ የሚባል፣ ሴት ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ አባት እጁን አነሳ። «ልጄ ስታድግ ብቻዋን ነው የምትሆነው?»

አያንቱ ሀውላን አየቻት። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያጽናና ነገር ይፈልግ ነበር። ሀውላ የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው። «እኔ ብቻዬን ነኝ» አለች። «የእርስዎን ልጅ አላውቅም። ለእኔ በልጅነቴ ይህን ማንም አልጠየቀልኝም ነበር።»

ጠሀ አንገቱን ነቀነቀና መሬት መሬት አየ። ስብሰባው ሲያበቃ ወላጆቹ ልጆቻቸውን፣ ጫማቸውን፣ የውኃ መያዣቸውን እየለቃቀሙ ወጡ። አያንቱም ምሥጋና እንቅልፏ ስለመጣ ቸኩላ ሄደች። ሀውላ ማንም ሳያዛት ወንበሮቹን ደርድራ ወጣች።

የአባዶ ታክሲ ሰልፍ ረጅም ነበር። ወንበር ስታገኝ መሀል ላይ፣ በሁለት ሰው መካከል ሆነ። ስልኳን አውጥታ ለአያንቱ ጻፈች፦ «ስህተት ተናገርኩ?»

መንገዱን ሁሉ መልስ አልመጣም። ታክሲው ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ሲያወርዳት ስልኳ ነዘረ። «አይ። ግን ከባድ ነበር። ጠሀም ሲወጣ ስለ አንቺ ጠየቀኝ፤ የሚቀጥለው ወር ትመጣለች ወይ አለኝ።»

ሀውላ መብራት የሌለበት ደረጃ ሥር ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እመጣለሁ ብላ ጻፈችና አራቱን ፎቅ ወጣች።